ጀልባዋ ከነሙሉ ዕቃዋ

ኤርሳዶ ጨረታ ሲመራ ያላየ ሰው ጨረታ አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ይህን የሚሉት የሰሚት ሰዎች ናቸው፤ ከሁሉም አስቀድሞና ከሁሉም ደጋግሞ የሚለው ግን ራሱ ኤርሳዶ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጉርድ ሾላ ባለ አንድ የመድን ድርጅት ቢሮ ተቀምጦ የተጋጩ መኪኖችን ፎቶ ሲመረምር የሚውል፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። እሑድ ሲመጣ ግን ክራቫቱን አጥብቆ፣ ማይክ ጨብጦ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል። የቸርች ጣሪያ ሲያፈስ፣ የትምህርት ቤት አጥር ሲወድቅ፣ ውጭ ሄዶ መታከም ያለበት ሰው ሲኖር፣ ገንዘብ ማሰባሰቢያውን የሚመራው እሱ ነው። ሃይማኖት አይለይም፤ የሳሊተ ምሕረት ሰዎችም ጠርተውት ያውቃሉ።

ጥበቡ ያለው በ«ሁለተኛ» እና በ«ሦስተኛ» መካከል ነው። «አንደኛ!» ብሎ ይጀምራል፣ «ሁለተኛ!» ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። ቀልድ ይነግራል። ዋጋ የጠራውን ሰው የልጆቹን ጤንነት ይጠይቃል። ኋላ ተቀምጦ አንገቱን የደፋውን ነጋዴ በስሙ ይጠራና «ዛሬ ወንበሩ ተመቸህ መሰለኝ!» ይለዋል። አንዳንዱ ሰው «ሁለተኛ» ሲባል ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ስልክ አውርቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ «ሦስተኛ» ሳይባል ይመለሳል። በዚህ መሃል ዋጋው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

ሌላም ሕግ አለ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ይከፍላል እንጂ ዕቃውን አይወስድም። ማይኩን ይቀበልና «መልሼ ለግሻለሁ» ይላል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ዕቃው እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። ኤርሳዶ መኪናው ውስጥ ይዞት የሚዞር አንድ የግድግዳ ሰዓት አለው። ይህን ሰዓት ከሰሚት እስከ ጉርድ ሾላ ያልገዛው ባለሀብት የለም፤ አንድም ቀን ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው ስለ አንድ ውሃ ነው። ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ለዓመታት ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ትልቅ ጉድጓድ አለ። ድንጋዩ ሕንፃ ሆነ፣ ጉድጓዱ ቀረ። ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ ልጆች ሊዋኙበት ይገባሉ፤ ሁሉም አይወጡም። ሕንፃዎቹ ሳይመጡ በፊት ቦታው የወይዘሮ ደሪቱ አባት ገብስ የሚዘሩበት ማሳ ነበር። ከዚያ ሁሉ መሬት ለወይዘሮ ደሪቱ የተረፈቻቸው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ቤት ናት። ባለፈው ክረምት ደግሞ ያው ጉድጓድ የመጨረሻ ልጃቸውን፣ ሂካን፣ ወሰደባቸው።

ሂካን ጠልቆ ያወጣው ላጲሶ ነው። አባያ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ቦሌ ውስጥ በአንድ ሆቴል ዋና የሚያስተምር ወጣት ነው። ገመድ አልነበረም፣ ጀልባ አልነበረም፤ ሲያወጣው ረፍዶ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ዋና የሚችሉ ጓደኞቹን ሰብስቦ የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች ቡድን አቋቋመ። ወይዘሮ ደሪቱ ዋና አይችሉም፤ የሚችሉትን አደረጉ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ፎቅ በፎቅ እየወጡ በር እያንኳኩ ገንዘብ ለመኑ። በዚያ ገንዘብ አንድ በያጅ ከላሜራ ጀልባ ሠራ፤ ብርቱካንማ ቀለም ተቀባች፤ በሁለቱም ጎኗ «ሂካ» ተብሎ ተጻፈባት። የምታድረው በወይዘሮ ደሪቱ ደጅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና ያጥቧታል፤ ከጎረቤት አንድም ሰው ጀልባ በሳሙና ይታጠባል ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም።

ነገር የመጣው ከሞተሩ ጋር ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሄሊና ናት፤ የአንድ ባንክ የማርኬቲንግ ኃላፊ። ላጲሶ «ጥሩ ገመድና የእጅ ባትሪ ቢኖረን ይበቃናል» ሲል «ገመድ ስፖንሰር አይስብም፣ ሞተር ነው የሚስበው» አለችው። ላጲሶም ስፖንሰር ምን እንደሚስብ ስለማያውቅ እሺ አለ። ስለዚህ ሚያዝያ ውስጥ በአንድ እሑድ፣ ሲኤምሲ ባለ አዳራሽ፣ ለጀልባዋ ሞተር መግዣ ዝግጅት ተደረገ። ጀልባዋም ሰው እንዲያያት ተጭና መጥታ መድረኩ ሥር ተቀመጠች። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቿ፣ ገመዷና ቀለበት ጎማዋ በላይዋ ተደርድረው ነበር።

ያን ቀን ኤርሳዶ እንደ ጉድ ቀናው። ሰዓቱን ሸጦ መልሶ ሸጠው። ኬኩ ተሸጠ። የሄሊና ሻርፕ ሳይቀር ከአንገቷ ወርዶ ተሸጠ። አዳራሹ ጋለ፤ የሚሸጥ ነገር ግን አለቀ። የጋለ አዳራሽ እያየ ማይክ ማስቀመጥ ለኤርሳዶ ከሞት አይተናነስም፤ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ሲል ጀልባዋ ላይ አረፈ።

«አሁን ደግሞ!» ሲል ጮኸ። «ራሷ ጀልባዋ! ከነሙሉ ዕቃዋ!»

ከፊት ተቀምጠው የነበሩት ወይዘሮ ደሪቱ ብድግ ብለው የኮቱን ጫፍ ያዙት። «አቶ ኤርሳዶ፣ እሷንም ይሸጧታል?»

ኤርሳዶ ማይኩን በመዳፉ ሸፈነ። «እትዬ ደሪቱ፣ ምንም አይስጉ። እንደ ሰዓቱ ናት። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ትመለሳለች። ቃሌ ነው።»

ወይዘሮ ደሪቱ ኮቱን ለቀው ተቀመጡ።

ያሸነፈው ቴድሮስ ነበር። ሰሚት ላይ «ማዕበል ጋርደን» የሚባል ሰፊ ምግብ ቤት የከፈተ፣ ሳቂታና ቸር ሰው ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ውሃ የታንከር ብቻ ቢሆንም ስሙን «ማዕበል» ያለው ራሱ ነው። አዳራሹ «ኡ!» ያለለትን ዋጋ ጠራ፤ ማንም አልደፈረውም። ኤርሳዶ «ሦስተኛ! ተሸጠ!» ብሎ ማይኩን አቀበለው።

«እንግዲህ አቶ ቴድሮስ፣ ምን ይሉናል?»

«አመሰግናለሁ» አለ ቴድሮስ። «ይዣት እሄዳለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ቀልድ ተሰምቶ አይታወቅም። ቴድሮስም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሳያባራ አንድ አይሱዙ የኋሊት እየሄደ ወደ አዳራሹ በር ተጠጋ።

ኮሚቴው በማግስቱ ተሰበሰበ። ጀልባዋ መመለስ አለባት በሚለው ሁሉም ተስማማ። ማን ሄዶ ይጠይቀው በሚለው ግን ሁሉም ስልኩን ማየት ጀመረ። ሰውዬው ገንዘቡን ከፍሏል፤ ለዚያውም ማንም ያልከፈለውን። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ «ተሳስተሃል፣ መመለስ ነበረብህ» ማለት እንዴት ይቻላል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። «ሪሌሽንሺፑን እናበላሸዋለን» አለች ሄሊና፤ ያው ይሉኝታ ነው፣ ባንክ ቤት ሲገባ ስሙን ስለሚቀይር ነው። በዘዴ እናስታውሰው ተባለና የጀልባዋ ፎቶ ያለበት ትልቅ የምስጋና ምስክር ወረቀት ተዘጋጀለት። ቴድሮስ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ምስክር ወረቀቱን በፍሬም አድርጎ ጀልባዋን ባስቀመጠበት በምግብ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰቀለው።

ቀጥሎ ጉድጓዱን እንዲጎበኝ ጋበዙት። መጣ። አፋፉ ላይ ቆሞ የታችኛውን አረንጓዴ ውሃ አየ፤ ሂካ የሰጠመበትን ቦታ ላጲሶ በጣቱ አሳየው። ቴድሮስ ኮፍያውን አወለቀ። ራሱን እየነቀነቀ «እዚህ ቦታማ ጀልባ ያስፈልጋል» አለ።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «በጣም እንጂ» አለች ሄሊና።

ሞተሩ ተገዛ። ከነካርቶኑ ሄሊና ቢሮ ጥግ ላይ ተቀመጠ። አሁን ቡድኑ ሞተር እንጂ ጀልባ አልነበረውም። ላጲሶና ጓደኞቹ ባዶ ጄሪካኖች በገመድ እያሰሩ አንድ ታንኳ መሳይ ነገር ሠሩ፤ ውሃ ላይ ሲሞክሩት ተገለበጠ። በያጁ ሌላ ጀልባ እንዲሠራ ሲጠየቅ ላሜራ ጠፍቷል፣ ከመስከረም በፊት አታስቡት ብሎ መለሰ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ኤርሳዶ ከሥራ ሲመለስ ወይዘሮ ደሪቱን መንገድ ላይ አገኛቸው። ሰላም ተባባሉ። ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት፤ ስለ ጤናቸው ጠየቃቸው። ከዚያ ወደ ሰማዩ ቀና አሉና «አቶ ኤርሳዶ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው» አሉት። ይህን ብቻ ነው ያሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። በዚያ ቀን ቤቱ ገብቶ እራት ቀረበለት፣ አልበላም። እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ ከቢሮ አስፈቅዶ ወደ ማዕበል ጋርደን ሄደ። ጀልባዋ ሣሩ መሃል ላይ ናት። ውስጧ ጠረጴዛና አራት ወንበር ገብቶላታል። ሁለት ጥንዶች «ዓሣ በጀልባ» የሚባለውን ምግብ አዘው ራሳቸውን ፎቶ ያነሳሉ፤ አንደኛዋ ልጅ ክንዷን «ሂካ» የሚለው ጽሑፍ ላይ አስደግፋለች። አስተናጋጆቹ በሙሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው ይታዘዛሉ። ቀለበት ጎማዋ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተሰቅላለች።

«ኤርሳዶዬ!» ብሎ ቴድሮስ አቀፈው።

«ቴዲ፣ ስለ ጀልባዋ ነበር የመጣሁት…»

«አየሃት አይደል? አበባ መስላለች!»

ኤርሳዶ አፉን ከፈተ። ስንቱን ቋጣሪ ኪሱን ያስገለበጠ አፍ ነው። አሁን የሚፈለግበት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «መልስልን»።

«ቦታው በጣም ሄዶላታል» አለ።

ቴድሮስ ደስ አለውና ዓሣ አዘዘለት። እየበሉ ሳሉ ሐሳብ ያፈለቀውም እሱ ነው። «ያን ጉድጓድ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ሌላ ዝግጅት እናድርግ፤ ምግቡም ቦታውም በነፃ። ጀልባዋንም ለጨረታ አውጣት። እኔው መልሼ እገዛታለሁ፤ ካለፈው በላይ እከፍላለሁ። እናንተ በገንዘቡ ሌላ ጀልባ ታሠራላችሁ፣ የኔም ጀልባ አትነካብኝም።»

ሄሊና ይህን ስትሰማ «ዊን ዊን ነው፣ ሁሉም ያተርፋል!» ብላ አጨበጨበች። ላጲሶ ግን ኤርሳዶን ከቢሮው ደጅ ጠብቆ ያዘው።

«ሌላ ጀልባ ከመስከረም በኋላ ነው፣ ጋሼ። ጉድጓዱ እስከ መስከረም አይጠብቀንም።»

«አውቃለሁ፣ ላጲሶ።»

«እርስዎ ሰውን ብር ማስወጣት ያውቁበታል። አንድን ሰው ‹መልስ› ማለት ግን እንዴት ያቅትዎታል?»

ኤርሳዶ መንገዱን ቀጠለ። «ቃሌ ነው» ያላቸው እኚያ ሴት ናቸው በዓይኑ የሚመጡበት፤ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ትመለሳለች ብሎ ነበር።

ዝግጅቱ የሰኔ የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰማዩ ጠቁሮ ድንኳን ተተከለ። ጠረጴዛው ከጀልባዋ ወጣ፤ እንግዶች ዙሪያዋን ተቀመጡ፤ አስተናጋጆቹ ጃኬታቸውን ለብሰው ሳህን ይዘው ይዞራሉ። ኤርሳዶ ሰዓቱን ሸጠ፣ አንድ በግም ሸጠ፤ ሁለቱም እንደ ልማዱ ተመለሱ። ሄሊና ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ጀልባዋ ላይ ጨረታውን ጎትተው፤ ቴዲ ዛሬ ሪከርድ ሊሰብር ነው» አለችው።

«ጀልባዋ» አለ ኤርሳዶ፤ ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ አልወጣም። «ከነሙሉ ዕቃዋ። ዋጋ የሚጀምርልን?»

«አምስት መቶ ብር።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ወይዘሮ ደሪቱ ከድንኳኑ ጫፍ ቆመዋል። ነጠላቸውን አደግድገዋል፤ በእጃቸው የተቋጠረ መሐረብ ይዘዋል። ድንኳኑ ውስጥ «አይዞዎት!» «እናት!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች።

ኤርሳዶ አዳራሽ ማንበብ ያውቃል። የሚመጣውን አየው። አንዱ ለእሳቸው ክብር አሥር ሺህ ይላል፤ ሌላው ለልጃቸው መታሰቢያ ሃያ ሺህ ይላል፤ እያለቀሱና እያጨበጨቡ፣ በፍቅር ብዛት፣ ጀልባዋን ከእጃቸው ያርቁባቸዋል። ከዚያ ቴድሮስ ሁሉንም በልጦ ይገዛታል፤ ነገ ውስጧ ዓሣ ይበላባታል። እሳቸው ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቁም። ጨረታ ማለት ገዝቶ መውሰድ መሆኑን ከቴድሮስ ተምረው፣ ያላቸውን ቋጥረው የመጡ ሴት ናቸው።

ቴድሮስን አየው። ቴድሮስ አልቸኮለም፤ ምን አስቸኮለው? የሚመራው ኤርሳዶ ነው፤ እስከ «ሦስተኛ» ድረስ ገና ስንት ቀልድ አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ ተጨማሪ ዓሣ ያዛል። ከፊት አንድ ወፍራም ነጋዴ እጁን ለማንሳት ክርኑን ከወንበሩ አላቀቀ።

«አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ ተሸጠ!»

በአንድ ትንፋሽ ነበር ያለው። የጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፤ በቡጢ መትቶት ነበር። የነጋዴው እጅ ደረቱ ላይ ቀረ። ቴድሮስ ስልኩን እንደያዘ ዞረ።

«ምን ተሸጠ?»

«ጀልባዋ» አለ ኤርሳዶ።

«ገና እኮ ነው! ‹ሁለተኛ› ስትል አልሰማሁም!»

«ብያለሁ፣ ቴዲ። ሦስቱንም ብያለሁ።»

ሄሊና ፊቷ ልብስ መሰለ። «አብደሃል እንዴ?» አለችው በጥርሷ መሃል፤ ከዚያ ፈገግታዋን መልሳ ማይኩን ከእጁ ነጠቀች። «ክቡራን እንግዶቻችን፣ መቼም ወይዘሮ ደሪቱ ምን ዓይነት እናት እንደሆኑ እናውቃለን። እንግዲህ እንደ ባህላችን…» አለችና ማይኩን ወደ እሳቸው ዘረጋች። «እማማ፣ ምን ይሉናል?»

ሁሉም የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር ጠበቀ። መዳፎች ለጭብጨባ ተዘጋጁ። ኤርሳዶ ዓይኑን ጨፈነ።

«አመሰግናለሁ» አሉ ወይዘሮ ደሪቱ። «ይዣት እሄዳለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ደሪቱ መሐረባቸውን ፈትተው የታጠፉትን ብሮች ኤርሳዶ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ውሰዱ» አሉ። «መጀመሪያ ለምኜ ነበር ያሠራኋት፤ የሁላችሁም ነበረች፤ ሸጣችኋት። አሁን ግን ገዝቻታለሁ። ከእንግዲህ ማንም ለማንም አይለግሳትም።»

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ድንኳኑን መታ። ቴድሮስ ጀልባዋን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ እንግዶቹን አየ። ሊናገር አፉን ሲከፍት በዙሪያው ያለውን ሰው ዓይን አየና መልሶ ዘጋው። ልጇን ከቀበረች እናት ጋር በሰው ፊት ስለ ጨረታ ሕግ የሚከራከር ማን ነው? ይሉኝታ እሱንም አገኘው።

«ከነሙሉ ዕቃዋ ነው ያልኩት» አለ ኤርሳዶ፤ ማይክ አልያዘም።

ትንሽ ቆይቶ አንዱ አስተናጋጅ ሳህኑን አስቀመጠና ጃኬቱን ፈታ። ሌላው ተከተለው። ጃኬቶቹ አንድ በአንድ ጀልባዋ ውስጥ ወደቁ። ላጲሶ ሄዶ ቀለበት ጎማዋን ከመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አወረደ። ከዚያ እሱና ጓደኞቹ ጀልባዋን አነሷት፤ ከኋላ አንድ ሰው ጎደለ። ኤርሳዶ በእሑድ ኮቱ ገባበት። ዝናቡ ወረደ። ከማዕበል ጋርደን እስከ ጉድጓዱ ድረስ በሰሚት አስፋልት ላይ ጀልባ ተሸክመው ሲሄዱ የታክሲ ረዳቶች ከየመስኮቱ «ጎርፉ ገና ነው፣ የት ትሄዳላችሁ!» እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። ወይዘሮ ደሪቱ ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር፤ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ከዚያ ወዲህ ኤርሳዶን ጨረታ እንዲመራ የጠራው የለም። በአንድ ትንፋሽ ሦስት የሚል ሰው ለማን ይበጃል? የግድግዳው ሰዓት ለሌላ ሰው ተላልፎ አሁንም በየአዳራሹ እየተሸጠ ይመለሳል አሉ። ሞተሩም ሄሊና ቢሮ ከነካርቶኑ ነው፤ ላጲሶ አልፈለገውም።

እሑድ እሑድ ኤርሳዶ ጉድጓዱ ጋ ነው። ዋና አይችልም፤ ስለዚህ ጃኬቱን አጥብቆ ይለብሳል። ጃኬቱ ዛሬም የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል፤ ወይዘሮ ደሪቱ ስንት ጊዜ አጥበውትም አልለቀቀም። ጀልባዋን ወደ ውሃ ሲገፏት ቆጣሪው እሱ ነው። ከደጃቸው ቆመው የሚያዩት ወይዘሮ ደሪቱ ናቸው፤ እሱ «አንድ፣ ሁለት» ይላል፣ «ሦስት» ለማለት ግን ምንም አይቆይም።